ስላይድ በእጇ ይዛ የተነሣችልኝ ሴት

ቶሮንቶ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው። ያኔ በቀን ሁለት ቦታ አጸዳ ነበር። ጠዋት አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከኢስት ዮርክ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ መኪና ቀለም የሚቀቡና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ያለች አንዲት መጠገኛ ቤት። የምትጠግነው የጦር መሣሪያ ነው። የአዳኞች ጠመንጃ፣ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች ሽጉጥ፣ ገንዘብ በብረት መኪና የሚያመላልሱ ዘበኞች ሽጉጥ፣ ሁሉም እየመጣ እዚያ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይገጠማል። ቤተክርስቲያን የማገኛቸው ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይደነግጡ ነበር። ከአገር የሸሸነው እሱን ፈርተን አይደለም ወይ በሚል ዓይን ያዩኛል። እኔ ግን ወለሉን ነው የማጸዳው፤ ወለል ደግሞ የትም ቢሆን ወለል ነው።

ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር አልነበረኝም ማለት ይቻላል። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የእህል መጋዘን ጠብቄአለሁ፤ የሰጡኝ ምንሽር በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ፈትቼው አላውቅም። ላምባ የነካ ጨርቅ ይዤ ከላይ ከላይ እወለውለዋለሁ። ሲያብረቀርቅ እኔም ደስ ይለኛል፣ አለቃዬም ደስ ይለዋል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን እሱም እኔም አናውቅም።

ይህንን ታሪክ በመጠገኛው ቤት ለምትሠራው ልጅ ስነግራት፣ ብረት የምታጸዳበትን የጥርስ ብሩሽ አስቀምጣ ሳቀች።

«ታዲያ ለሌባው መስታወት ነበራ የያዙለት» አለችኝ።

ልጅ ልበላት እንጂ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገለገለች ሴት ናት። ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባች፤ ናይሮቢ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጣ ነው እዚህ የመጣችው። እናቷም ተከትለዋት ናይሮቢ ድረስ መጥተው ነበር፤ ልጅቱ ስትሄድ ግን እናትየዋ እዚያው ቀሩ። ልታመጣቸው ስፖንሰር ማድረግ ጀመረች። ለዚያ ደግሞ ቋሚ ሥራ እንዳላት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። እስከዚያ ድረስ የሠራችው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስለነበረ፣ ማንም ደብዳቤ የሚጽፍላት አልነበረም።

የመጠገኛው ቤት ባለቤት የፖላንድ ሰው ነው። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ዕድሜ ልኩን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሰው ይፈልጋል። ለሥራው የሚጠየቀውን የመንግሥት ፈቃድ አውጥታ ስትመጣ፣ የተበታተነ ሽጉጥ በትሪ አድርጎ ሰጣት አሉ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ገጥማ መለሰችለት። እሱም ሦስት ወር ልሞክርሽ፣ ከዚያ ደስ ካለኝ ፐርማነንት፣ ቋሚ ሠራተኛ፣ አደርግሻለሁ፣ ደብዳቤውንም እጽፍልሻለሁ አላት። እኔ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሦስተኛው ወር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው።

ሥራዋን ማየት እወድ ነበር። ከምኖርበት ከክሬሰንት ታውን አንድ ባስ አስቀድሜ እየወጣሁ፣ የእኔ ሰዓት እስኪደርስ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እሷ መጀመሪያ ካዝናውን ታወጣለች። ቀጥላ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባ የጥይቱን ማደሪያ በዓይኗ ታያለች፤ ዓይኗን አታምነውም መሰለኝ፣ ትንሿን ጣቷን አስገብታም ትዳስሳለች። ይህንን ሳታደርግ አንድም ሽጉጥ ስትነካ አላየኋትም፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ራሷ ያስቀመጠችውንም ቢሆን። ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ሞላ በአውራ ጣቷ ተጭና ቀስ ብላ ታወጣዋለች። ያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ወፍራም ብረት፣ እነሱ ስላይድ የሚሉት፣ ከእጀታው ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። አፈሙዙ ከውስጡ ይወጣል። ሁሉንም በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ በነጭ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች፤ ስትገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ትመለሳለች።

የብዙ ሰው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል ብላኛለች። ስላይዱን ውስጡን ሳይፈቱ ጠርገው ይገጥሙታል። የእሷ ሥራ ግን ገና ከዚህ ይጀምራል። ስላይዱ ውስጥ ከኋላ በኩል አንዲት መርፌ አለች፤ ከክብሪት እንጨት ትንሽ የምትረዝም፣ የጥይቱን ቂጥ የምትመታው እሷ ናት። በጀርባዋ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ትዘጋባታለች። መርፌዋ በሞላ ስለተወጠረች ሁልጊዜ መውጣት ነው የምትፈልገው። ልጅቱም በቀጭን ዘንግ ጫፍ መርፌዋን ወደ ውስጥ ትገፋና፣ ጠፍጣፋዋን ብረት ወደ ታች እየሳበች፣ በዚያው ቅጽበት አውራ ጣቷን ቀዳዳው ላይ ትደፋለች። ከዚያ ጣቷን እያላላች፣ እያላላች፣ መርፌዋን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ ታስወጣታለች። ያቺን ጣት ሳይ ትንፋሼን ነበር የምይዘው።

መርፌዋ ስትወጣ ቀለሁን የሚጎትተውም መንጠቆ ይወጣል። መንጠቆው ሥር የተጋገረውን ጥቀርሻ በስንጥር እየፈለቀቀች ለእኔ ታሳየኛለች። «ጋሼ፣ ሰው የሚያስገድለው ይሄ ነው እንጂ ከላይ የሚታየው አይደለም» ትለኛለች። በብሩሽ፣ በጥጥ፣ እንደገና በብሩሽ። ስላይዱ በሚንሸራተትባቸው ሁለት ቦዮች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ታደርጋለች፤ መርፌዋ የምትሄድበትን ቀዳዳ ግን ዘይት አታስነካውም። እንዴት ለእሷ ይሰሰታል ብዬ ጠየቅኋት። እዚያ ውስጥ ዘይት ከገባ ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ በዚህ አገር ብርድ ደግሞ ይወፍራል፣ መርፌዋም ትሰንፋለች አለችኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን እሷ ስታስረዳኝ የማይገባኝ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ያን ቀን ባለቤቱ ዕቃ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። የዘበኞቹ ሽጉጦች ደርሰዋል፣ እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳለች። እኔ ሌላ ጊዜ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ስለማያት፣ ሥራ ስጀምር ቀድማ ታውቃለች። ያን ቀን ግን በጓሮ በር ገብቼ፣ ባልዲዬን ውሃና ሳሙና ሞልቼ፣ ወለል የምወለውልበትን ባለ ክር ሞፕ ውስጡ አቁሜ፣ ድንገት ከኋላዋ ደረስኩ። ኮቴዬን ሰማች። እንግዲህ በደንብ ያደገች ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ሲገባ መነሣት፣ ጀርባንም አለመስጠት፣ ከአጥንቷ ጋር የተሠራ ነገር ነው። ስላይዱን በእጇ እንደያዘች ብድግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ኖር፣ ጋሼ» አለችኝ።

እኔም በእግዜር ልላት አፌን ስከፍት «ጭት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፊቷ ተለወጠ። አውራ ጣቷ ቀዳዳው ላይ አልነበረም።

«እግርዎን አያንቀሳቅሱ» አለችኝ። ስትቆጣ ሰምቻት ስለማላውቅ ባልዲውን እንደያዝኩ እንደ ምሰሶ ቆምኩ።

በጉልበቷ ተንበርክካ መብራት ይዛ ፈለገች። ሞላውን ብረት ጨምቆ ከሚይዘው ሞርሳ ሥር አገኘችው። መርፌዋ ግን የለችም። ማግኔት በገመድ አስራ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከመደርደሪያው ሥር ጎተተች። እኔም ስትፈቅድልኝ ባልዲውን ወደ ጓሮ ወስጄ ደፋሁ፣ ሞፑን ሰቀልኩ፣ መነጽሬን አድርጌ አብሬያት ተንበረከክሁ። ሁለታችንም ወለሉን በእጃችን ዳሰስነው። በስንት ዓመቴ ወለልን በመዳፌ አወቅሁት። የመዝጊያው ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም።

ከጎኗ ባለው መሳቢያ ውስጥ እንደዚያች ያሉ መርፌዎች በወረቀት ተጠቅልለው ሞልተው ነበር። እኔም ያሰብኩትን ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያ አንዷን ብታስገቢበትስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም ወይ አልኳት። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ነው፣ እናትሽ አሉ፣ አልኳት። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ።

ተቀምጣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችኝ።

«የጠፋችው እኮ አንድ ቦታ አለች፣ ጋሼ» አለች። «ጠረጴዛው ላይ አራት ሽጉጥ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። ከአንዱ ውስጥ ገብታ ቢሆንስ? ዘበኛው ይሄንን ታጥቆ ነው ነገ ከመኪና የሚወርደው።»

እንግዲያው እኔ ገፍቼሽ ነው ልበል፣ እኔን ቢያባርረኝ ሌላ ወለል አላጣም አልኳት።

«መዋሸት አያምርብዎትም» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ደግሞም እንግሊዝኛዎ አይበቃም።»

አራቱንም የተከፈቱ ሽጉጦች እንደገና እስከ መጨረሻው ፈታታቻቸው። የለችም። ሁሉንም ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ የሥራውን ደብተር አውጥታ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ስጠይቃት አነበበችልኝ፤ ስላይድ ስፈታ ተነሣሁ፣ መርፌ ጠፋች፣ አልተገኘችም፣ ነው የሚለው። ለማን እንደተነሣች አልጻፈችም። ወለሉንም ዛሬ እንዳልጠርግ፣ ሞፕም እንዳላስነካ ነገረችኝ። ስንወጣ፣ «እማዬ ብትሰማ ለሽማግሌ ተነሥታ ተባረረች ብላ ናይሮቢን በእልልታ ነበር የምታቀልጠው» አለችኝ። ሳቅን። ባስ ላይ ስንለያይ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ኮል አድርጌ አረፍዳለሁ አልኩና ጠዋቱን እዚያው ሄድኩ። ባለቤቱ ደብተሩን አንብቦ ጨርሷል። እሷ ከፊቱ ቆማ ሁሉንም እየነገረችው ነው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም አንዳች ነገር እንዳልቀነሰች ገባኝ፤ እኔን ስታይ ብቻ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ የተነሣችው ለአንተ ነው ወይ ብሎ በጣቱ ጠየቀኝ። በጭንቅላቴ አዎ አልኩት።

ከዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። አልተቆጣም፣ መፈለግም አልጀመረም። ባዶውን ስላይድ ሰጣትና እንደ ትናንቱ ተቀመጪ አላት። እኔን ደግሞ ባዶ ባልዲና ደረቅ ሞፕ አስይዞ ትናንት በቆምኩበት አቆመኝ። ተነሺ አላት። ተነሣች፣ ዞረች። እንደዚያ እንዳለች አትንቀሳቀሺ አለና፣ ረጅሙን የጠመንጃ መወልወያ ዘንግ አምጥቶ በስላይዱ ጀርባ፣ መርፌዋ በምትወጣበት ቀዳዳ አኳያ ገተረው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ዘንጉም ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ነው። ወደ እኔ፣ ከእኔም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ባልዲዬ።

ትናንት የያዝኩት ሞፕ ይሄው ነው ወይ ብሎ በእሷ አስጠየቀኝ። አይደለም፣ ያኛው እርጥቡ ጓሮ ተሰቅሏል፣ ስላልሠራሁበት አልጨመቅሁትም አልኩ። ሄዶ ራሱ አመጣው። በነጭ ወረቀት ላይ ክሩን አንድ በአንድ እየለያየ አራገፈው። መርፌዋ ጠብ አለች።

ያን ሁሉ ሰዓት ተንበርክከን ስንፈልግ ጓሮ ያንጠለጠልኳት እኔው ነበርኩ። አፈርኩ። እሷ ግን በመዳፏ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ጀመር፤ እንባ እንደቀላቀለችበት ቆይቼ ነው ያየሁት። ሰውየው መርፌዋን በማጉያ መነጽር አየ፣ ጫፏን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ደህና ናት አለ። ቀጥሎ ለምን ተነሣሽ አላት።

አስረዳችው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ እንነሣለን፣ ኖር እንላለን፣ አለችው። በጥሞና ሰማት። እሱም በልጅነቱ በአገሩ እንደዚያ ይነሡ እንደነበር ነገራት። ነገር ግን ሞላ በእጅሽ ሳለ እኔም ብገባ፣ ቄስም ቢገባ አትነሺም አላት። ጣቷ ለእግሯ የምትታዘዝ ሠራተኛ ይዤ ዘበኞች በሽጉጡ ላይ እንዲተማመኑ ማድረግ አልችልም፣ ደብዳቤም አልፈርምም አለ። የተረፉትን ስድስት ሽጉጦች ዛሬ ትፈቺያለሽ፤ ይሄ ሽማግሌ ባሻኝ ሰዓት ይገባል፤ አንድ ጊዜ ከተነሣሽ ሙከራው እዚህ ያበቃል።

ይህንን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ለጥፋቷ ምክንያት መሆኔ ሳያንስ አሁን ደግሞ ወጥመዷ ልሆን ነው። ወደ ጎን ጠርቻት፣ «ዛሬ ብትነሺልኝ አዝንብሻለሁ» አልኳት።

«እግሬ ነው እንጂ እኔ መቼ ተነሣሁ» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው በበሩ መስኮት በኩል እጇን እያየ፣ መርፌዋ ጣቷ ሥር ስትሆን በጣቱ ይጠራኛል። መጀመሪያ ስገባ ሁለቱም ተረከዞቿ ከወለሉ ሲነሡ አየሁ። ተመልሰው ተቀመጡ። በሁለተኛው ባልዲዬን እያንኳኳሁ እንድገባ አደረገኝ፤ ጀርባዋ ቀጥ አለ እንጂ አልተነቃነቀችም። በሦስተኛው ካፖርቴንና ባርኔጣዬን አልብሶ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ አስሎ እንድገባ አዘዘኝ። ያን ማሳል ማንም የአገሬ ልጅ ያውቀዋል፤ በደጅ የቆመ ትልቅ ሰው የሚያስለው ነው። ሰውየው ይህንን ከየት አገኘው? እንጃ። ምናልባት በየአገሩ ሽማግሌ የሚያስለው አንድ ዓይነት ይሆናል።

አልዞረችም። ከጎን ቆሜ አያት ነበር። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል፤ ሰው ከራሱ ጋር ሲታገል እንዲያ ነው። ቀጭኑ ዘንግ መርፌዋን ገፋ፣ ጠፍጣፋዋ ብረት ወረደች፣ አውራ ጣቷ ተደፋ። ጣቷን እያላላች፣ እያላላች፣ መርፌዋን አወጣቻትና ጨርቁ ላይ በቦታዋ አስቀመጠቻት። ዓይኗን ወደ እኔ አላነሣችም።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ከተማ ለእኔ የሚነሣ ሰው ብዙ አልነበረም። ባስ ላይም፣ የሕንፃችን መጠበቂያ ክፍል ውስጥም ሰው ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ልማድ ሆኖበት እንጂ ክፋት የለውም። እሷ ነበረች የምትነሣልኝ። አሁን እዚያ ካፖርቴን ለብሼ ቆሜ፣ አትነሣ፣ አደራህን አትነሣ እያልኩ እግዚአብሔርን እለምናለሁ። ሳትነሣ ስትቀር ውስጤ አንድ ትንሽ ነገር ቅር አላለውም አልልም። ደስታዬ ግን እሱን ዋጠው። ያቺ ጣት ከአንድ ቀን በኋላ ያደገችበትን ነገር አሸንፋ እዚያ ቀዳዳ ላይ ስትጸና ማየት፣ እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ጀግንነቶች አንዱ ነው። ጀግንነት ስል የጦር ሜዳውን ብቻ አይደለም።

ስድስተኛው ሽጉጥ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ቢሮው ገባ። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ይሰማን ጀመር፤ ጣቱ ስለማይታዘዘው አንድ ፊደል፣ ቆይቶ ሌላ ፊደል። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስላይዶቹን እየቦረሸች አንዴም ወደ ቢሮው አላየችም። ወጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ዘይት ከማይነካው ቦታ አስቀመጠላት። ሄዳ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፣ አደራረቀች፣ ከዚያ አነበበች። ፐርማነንት የሚለውን ቃል እኔም በትከሻዋ በኩል ለየሁት። አጥፋ ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ዛሬውኑ ናይሮቢ እደውላለሁ» አለች።

ወለሉ ከትናንት ጀምሮ ሳይነካ አድሯል። ባልዲዬን ሞልቼ መጣሁ። እሷ ቀጣዩን ስላይድ አንሥታ መንጠቆውን እየወለወለች ነበር። ወደ ጠረጴዛዋ ስጠጋ፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ገና ነኝ፤ ከበሩ በኩል ይጀምሩልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኩና ከበሩ በኩል ጀመርኩ።